ከዴልሂ ቶኪዮ፦ ርቀቱ ስንት ነው? የበረራ ጊዜውስ ሲሄድና ሲመለስ ለምን ይለያያል?

የመንገድ ስንቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዴልሂ ቶኪዮ ስላለው የአየር ርቀትና የበረራ ጊዜ በየቦታው የሚገኘው ቁጥር አልገጥም ብሏል። አንዱ 5,860 ይላል፣ ሌላው 3,640፣ ሌላው 3,160። ጊዜውም እንደዚያው ነው። የርቀት ማስሊያዎቹ 7 ሰዓት ብለው ያቆማሉ። የአየር መንገዶቹ ሰሌዳ ግን ሲሄድ 7 ሰዓት ተኩል ግድም፣ ሲመለስ ወደ 10 ሰዓት የሚጠጋ ያሳያል። መንገዱ ያው ሆኖ ሳለ ሲመለስ የሚጨመረው ሁለት ሰዓት ከየት መጣ? ሌላ በረራ ለማገናኘት ሲታሰብስ የትኛው ቁጥር ነው የሚታመነው?

ኬንትሮስ፦
ከርቀቱ ልጀምር። ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በመለኪያቸው ነው። 5,860 ኪሎ ሜትር፣ 3,640 የየብስ ማይል፣ 3,160 ደግሞ ኖቲካል ማይል ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ አብራሪዎች የሚሠሩት በዚህኛው ነው። ብዙ ሰው «ማይል» የሚለውን ብቻ አይቶ በ1.6 ያባዛና 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይጎድልበታል።

እንዴት እንደሚሰላ ማየት ለሚፈልግ፣ የሁለቱን አየር ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ መያዝ ብቻ ይበቃል።

የዴልሂው ኢንዲራ ጋንዲ፦ 28.57 ሰሜን፣ 77.10 ምሥራቅ።
የቶኪዮው ሃኔዳ፦ 35.55 ሰሜን፣ 139.78 ምሥራቅ።
የኬንትሮስ ልዩነታቸው 62.68 ዲግሪ ነው።

መጀመሪያ የሁለቱን ኬክሮስ ሳይን ታባዛለህ፦ 0.47817 × 0.58144 = 0.27803።
ቀጥሎ የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይንና የልዩነቱን ኮሳይን ታባዛለህ፦ 0.87827 × 0.81359 × 0.45903 = 0.32800።
ድምራቸው 0.60603 ነው። ኮሳይኑ ይህን ያህል የሆነው ማዕዘን 52.70 ዲግሪ ነው። አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ 111.195 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ስታባዛው 5,860 ኪሎ ሜትር ይመጣልሃል።

ምድር ፍጹም ሉል ስላልሆነች ይህ ስሌት እስከ 0.5 በመቶ ሊስት ይችላል። አንዱ ድረ ገጽ 5,850፣ ሌላው 5,880 ቢል መደናገጥ አያስፈልግም። ለናሪታ ከሆነ ቁጥሩ ወደ 5,910 ከፍ ይላል። «ቶኪዮ» ብሎ የትኛውን አየር ማረፊያ እንደያዘ የማይናገር ማስሊያ 50 ኪሎ ሜትር ቢስት የሚጠበቅ ነው።

ደመና በላይ፦
ኬንትሮስ ያወጣው ሉል ላይ ያለውን አጭሩን መስመር ነው። አውሮፕላኑ በዚያ መስመር እንደማይበር መታወቅ አለበት።

መስመሩን ዓለም ሉል ላይ በክር ብትዘረጉት ከዴልሂ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነሣና ምዕራብ ኔፓልን ተሻግሮ ቲቤት ውስጥ ይገባል። አጋማሹ ላይ ሲደርስ 36.2 ሰሜን፣ 107.1 ምሥራቅ ላይ ነው፤ ይህ የቻይናዋ ጋንሱ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ ነው። ከዚያ ቢጫ ባሕርን፣ ኮርያን አልፎ ጃፓን ይደርሳል። ችግሩ ቲቤት ነው። አምባው በአማካይ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። አውሮፕላን በ11,000 ሜትር ላይ ሆኖ በውስጡ ያለው የአየር ግፊት ድንገት ቢጠፋ፣ አብራሪው የሚያደርገው በፍጥነት ወደ 3,000 ሜትር (10,000 ጫማ) መውረድ ነው። ለመንገደኞች የሚወርዱት ጭምብሎች በአብዛኛው አውሮፕላን ላይ ኦክስጅን የሚሰጡት ለ12 እስከ 22 ደቂቃ ነው። ቲቤት ላይ ግን ከታች ያለው መሬት ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ መውረጃ የለም፤ እስከ አምባው ጫፍ ለመብረር ደግሞ 22 ደቂቃ አይበቃም። አንድ ሞተር ቢጠፋም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። በአንድ ሞተር ከፍታውን ይዞ መቆየት ስለማይቻል አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ተራራው ደግሞ ከታች ይጠብቀዋል።

ምዕራብ ቻይናን የሚያቋርጥ ኤል888 የሚባል መስመር አለ። በእሱ ለመሄድ ግን ተጨማሪ ኦክስጅን የጫነና የሳተላይት መገናኛ ያለው አውሮፕላን፣ አስቀድሞ የተጠና የማምለጫ መንገድም ያስፈልጋል። ለዴልሂ–ቶኪዮ የተለመደው በደቡብ መዞር ነው፦ በጋንጀስ ሜዳ ወደ ፓትና፣ በባንግላዴሽና በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ላይ ወደ ምያንማር፣ ኩንሚንግ፣ ከዚያ የቻይናን ደቡብ አቋርጦ ወደ ሻንጋይ፣ ከሻንጋይ ባሕሩን ተሻግሮ ጃፓን።

ይህን በፓትና፣ ኢምፋል፣ ኩንሚንግና ሻንጋይ በኩል ነጥብ በነጥብ ስትደምሩት 6,350 ኪሎ ሜትር ግድም ይመጣል። ከአጭሩ መስመር ወደ 500 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 8 በመቶ ይበልጣል። ለጊዜ ስሌት መነሻ የሚሆነው ይህ ነው፤ 5,860 ለካርታ ይሁን።

ሻንጣ አዘጋጅ፦
ታዲያ ሲመለስ የሚረዝመው ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ነው አይደል? ወደ ምዕራብ ሲሄዱ እኮ መሬቱ ራሱ ወደ አውሮፕላኑ ይመጣል።

ደመና በላይ፦
አይደለም። እንዳልከው ቢሆን ኖሮ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነበር የሚያጥረው፣ መድረሻው ወደ እሱ እየመጣ ነውና። እውነታው ተቃራኒው ነው። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል፣ አውሮፕላኑም በአየሩ ውስጥ ነው የሚበረው። ልዩነቱን የሚያመጣው አየሩ ከምድር ፈጥኖ ወደ ምሥራቅ መንፈሱ ነው፤ ጄት ስትሪም የሚባለው ይህ ነው።

ሰሌዳ ተመልካች፦
በጄት ስትሪም ጉዳይ ይህ መስመር ልዩ ነው፤ ምክንያቱም በጃፓን ሰማይ ላይ በቅዝቃዜው ወራት የሚነፍሰው በዓለም ላይ ካሉት ብርቱዎች አንዱ ነው። ከእስያ የሚመጣው በጣም ቀዝቃዛ አየርና ከምዕራብ ፓስፊክ የሚመጣው ሞቃት አየር የሚገናኙት እዚያ ነው። የቲቤት አምባ ለሁለት የከፈለው ነፋስም ከአምባው በስተምሥራቅ መልሶ ይገጥማል። በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ መካከል ማዕከሉ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ይህን ነፋስ በመሣሪያ ለክቶ ካረጋገጡት ቀዳሚዎች አንዱ ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦኢሺ ነበር። ጣቢያው ከቶኪዮ ሰሜን ምሥራቅ ታቴኖ ነበር፤ ውጤቱን በ1926 ያሳተመው በኤስፔራንቶ ስለነበር ከጃፓን ውጭ ያነበበው ጥቂት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በቋንቋ ምክንያት ተደብቆ መቅረቱ ያሳዝናል።

ወደ ስሌቱ ልመለስ። ቦይንግ 787 በማክ 0.85 (በድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ) ሲበር በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ አየሩን የሚያቋርጥበት ፍጥነት ነው። ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ይደመራል፣ ከፊት ሲሆን ይቀነሳል። በ6,350 ኪሎ ሜትር ላይ፦

ነፋስ ባይኖር 7 ሰዓት ከ3 ደቂቃ።
በአማካይ 100 ከኋላ ሲገፋ 6 ሰዓት ከ21፤ 100 ከፊት ሲመጣ 7 ሰዓት ከ56።
150 ከኋላ 6 ሰዓት ከ3፤ 150 ከፊት 8 ሰዓት ከ28።

ነፋሱ በመንገዱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስላልሆነ የመንገዱን አማካይ ነው የያዝኩት፤ 300 የሚለው የማዕከሉ ብቻ ነው።

ይህ ገና በሰማይ ያለው ጊዜ ነው። ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከመቆሚያው ከተነቀለበት እስከ መድረሻው መቆሚያ እስኪቆም ነው። በዴልሂ ትልቅ አየር ማረፊያ ለማኮብኮብ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ፣ ሽቅብ ሲወጣና ቁልቁል ሲወርድ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ ሌላ ጥቂት ደቂቃ፣ ቶኪዮ ላይ ለማረፍ ወረፋ። 45 ደቂቃ ብትደምሩ አትሳሳቱም። አየር መንገዶች ደግሞ «ዘገየ» እንዳይባሉ ትንሽ ትርፍ ይጨምራሉ። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ወደ ቶኪዮ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 8፣ ወደ ዴልሂ ከ9 ሰዓት ከሩብ እስከ 10 ድረስ ታያላችሁ። ማስሊያዎቹ 7 ሰዓት የሚሉት አጭሩን መስመር ለቋሚ ፍጥነት አካፍለው፣ ግማሽ ሰዓት ጨምረው፣ ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ ቁጥር ስለሚሰጡ ነው። ርቀቱ አንድ ነው፣ ጊዜው ግን ሁሌም ሁለት ነው።

ሻንጣ አዘጋጅ፦
እሺ፣ ገባኝ። ደርሶ መልስ ከተደመረ ግን ነፋሱ ይጣፋል ማለት ነው? ሲሄድ የሰጠውን ሲመለስ ይወስዳል።

ሰሌዳ ተመልካች፦
ከሰጠው በላይ ይወስዳል። ከላይ ያለውን ደምረው። ያለ ነፋስ ደርሶ መልሱ 14 ሰዓት ከ7 ደቂቃ፣ በ100 ነፋስ 14 ሰዓት ከ17፣ በ150 ነፋስ 14 ሰዓት ከ31። ምክንያቱም የሚረዳህ ነፋስ የሚያግዝህ ለ6 ሰዓት ነው፣ የሚቃወምህ ግን ለ8 ሰዓት ተኩል ይታገልሃል።

ትኬት ቆራጭ፦
ሌላም የሚነገር ምክንያት አለና ላጥራው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ፓኪስታን የአየር ክልሏን ለሕንድ አየር መንገዶች ስለዘጋች ነው የሚረዝመው የሚሉ አሉ። ያ መዘጋት የሚጎዳው ከዴልሂ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ነው፤ ወደ አውሮፓ፣ ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ መካከለኛው እስያ። የቶኪዮው መስመር በተቃራኒው ወገን ስለሆነ አይነካውም። የሩሲያ የአየር ክልል መዘጋትም እንዲሁ፤ የሚነካው የቶኪዮ–አውሮፓን በረራ እንጂ ይህን አይደለም።

አሁን «የመንገድ ስንቅ» የጠየቀው ዋናው ነገር፦ በረራ ለማገናኘት የሚታመነው የሰሌዳው ቁጥር ብቻ ነው፣ የማስሊያውን እርሱት። ሰሌዳውን ሲያነቡ ደግሞ የሰዓቱን ልዩነት እንዲህ ያውጡ። ሕንድ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ5 ሰዓት ተኩል፣ ጃፓን በ9 ሰዓት ትቀድማለች፤ በመካከላቸው 3 ሰዓት ተኩል አለ። ሁለቱም በወቅቶች መለዋወጥ ምክንያት ሰዓት አይቀይሩም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ለምሳሌ ትኬት ላይ ከዴልሂ 20:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 ቶኪዮ ይደርሳል ካለ፣ ሲታይ 11 ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ተኩል ሲቀነስ በረራው 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሲመለስ ከቶኪዮ 11:00 ተነሥቶ 17:15 ዴልሂ ቢል ሲታይ 6 ሰዓት ከሩብ ነው፤ 3 ሰዓት ተኩል ሲጨመር 9 ሰዓት ከ45። ምሥራቅ ሲሄዱ ይቀንሱ፣ ምዕራብ ሲሄዱ ይጨምሩ።

በእኛ አቆጣጠር ለሚያስብ ሰው አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው በረራ የሚያመልጠው በእሱ ነው። ትኬት ላይ 20:00 የተባለው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፣ 07:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፤ ይሄ ቀላል ነው። ከባዱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። «15 ኖቬምበር 00:30» ማለት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል፣ ለ15 አጥቢያ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ያ ሌሊት የ14 ሌሊት ነው። አየር ማረፊያ መድረስ ያለብዎት በ14 ምሽት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። 15 ቀን ማታ ሻንጣ ይዘው ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው።

የመንገድ ስንቅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ግልጽ ነው። ሃኔዳና ናሪታስ? የዋጋ ልዩነት ይታያል፣ ሌላ ልዩነት አላቸው?

ትኬት ቆራጭ፦
አላቸው። ሃኔዳ ከከተማው ጋር የተያያዘ ነው፤ በሞኖሬል ሃማማቱቾ ጣቢያ ለመድረስ 20 ደቂቃ አይሞላም። ናሪታ ከማዕከላዊ ቶኪዮ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በናሪታ ኤክስፕረስ ባቡር እስከ ቶኪዮ ጣቢያ አንድ ሰዓት ግድም፣ በስካይላይነር እስከ ኒፖሪ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ሃኔዳ 24 ሰዓት ይሠራል። ናሪታ ግን ለአካባቢው ነዋሪ እንቅልፍ ሲባል ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ይዘጋል። ከዴልሂ እጅግ ዘግይቶ የተነሣ በረራ ጠዋት ስለሚደርስ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ ከናሪታ ማታ የሚነሣ ሲዘገይ ግን ወደ ማግስቱ ሊተላለፍ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው አንዱን በረራ ሃኔዳ፣ ቀጣዩን ናሪታ መያዝ ነው። በአውቶቡስ ከአንዱ ወደ ሌላው ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ሻንጣን ራስ መቀበል ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጃፓን መግባት ስለሚሆን የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። ትኬቱ ርካሽ የሆነው በዚህ ምክንያት እንዳይሆን የአየር ማረፊያዎቹን ስም ሳያዩ አይክፈሉ።

ሰሌዳ ተመልካች፦
ስለ ወቅቱ ጥቂት ልጨምር። በጁላይና ኦገስት ጄት ስትሪሙ ይደክምና ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ በዚህ የደቡብ መስመር ላይ የመሄጃና የመመለሻው ልዩነት ይጠባል። አየር መንገዶች ሰሌዳቸውን በማርች መጨረሻና በኦክቶበር መጨረሻ ይቀይራሉ፤ በጁን ያያችሁትን ደቂቃ ለጃንዋሪ አትያዙት።

በዲሴምበርና ጃንዋሪ ዴልሂ ጭጋግ አለ። የሚከፋው ከእኩለ ሌሊት እስከ ረፋድ ስለሆነ ምሽት ላይ የሚነሣውን የቶኪዮ በረራ ብዙ አያገኘውም። የሚያገኘው በማለዳ ከሌላ የሕንድ ከተማ ወደ ዴልሂ የሚመጣውን ነው። ከቼናይ ወይም ከሃይደራባድ ለምትመጡ፣ በእነዚህ ወራት በመካከል ቢያንስ 5 ሰዓት ተዉ። በኦገስትና ሴፕቴምበር ደግሞ የሚያሰጋው ቶኪዮ ላይ የሚመጣው አውሎ ነፋስ፣ ታይፉን ነው፤ እሱ ሲመጣ በረራ መዘግየት ብቻ ሳይሆን ሊሰረዝም ይችላል።

በዲሴምበርና በፌብሩዋሪ መካከል ወደ ጃፓን ሲቃረቡ፣ በተለይ በመጨረሻው ሁለት ሰዓት፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ አውሮፕላኑ ሊናጥ ይችላል። የጄት ስትሪሙ ጠርዝ ነው፣ ደመና ስለሌለው ራዳር አያየውም። ቀበቶ ታስሮ ይቀመጥ።

ሻንጣ አዘጋጅ፦
ስለ እንቅልፍ ደግሞ፦ 7 ሰዓት ተኩል ቢባልም የሚተኛበት 4 ሰዓት ያህል ነው። ከተነሣ በኋላ እራት እስኪነሣ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከማረፉ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቁርስ። መተኛት የሚፈልግ እራቱን አየር ማረፊያ በልቶ ይግባ።

ኬንትሮስ፦
ቀጥታ ያጣ ሰው በየት በኩል እንደሚሻለው ርቀቱ ይናገራል። እስከ ናሪታ ቀጥታው 5,910 ከሆነ፣ በሆንግ ኮንግ 3,750 እና 2,960፣ ድምሩ 6,710 ነው። በባንኮክ 2,950 እና 4,650፣ ድምሩ 7,600 ይሆናል። ሆንግ ኮንግ 14 በመቶ ሲያስረዝም ባንኮክ 29 በመቶ ያስረዝማል።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ከአዲስ አበባ ቶኪዮ ለሚሄድ ሰው በዴልሂ በኩል ይሻላል ወይስ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚሄድበት በሴኡል ኢንቼን በኩል? በካርታ ሲታይ በዴልሂ ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ሴኡል ደግሞ ወደ ላይ ይጠመዘዛል።

ኬንትሮስ፦
ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው። በዚያው ስሌት አውጥቼዋለሁ፦ አዲስ አበባ–ናሪታ በአጭሩ መስመር 10,450። አዲስ አበባ–ኢንቼን 9,195፣ ኢንቼን–ናሪታ 1,258፣ ድምሩ 10,453። በዴልሂ 4,552 እና 5,909፣ ድምሩ 10,461። ሦስቱም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ዴልሂም ኢንቼንም ከአዲስ አበባ ናሪታ በሚዘረጋው ክር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ሉል ላይ ክር ዘርግተህ ብታየው ደስ ይልሃል።

ደመና በላይ፦
በበረራ ግን እኩል አይሆኑም፤ ከዴልሂ በኋላ ያለውን 500 ኪሎ ሜትር ዙር አትርሱ። በሴኡል ሲሆን ደግሞ የሰዓቱን ልዩነት ማስላት ይቀልላል፣ ኮርያና ጃፓን አንድ ሰዓት ናቸው። ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይቀድማሉ። በዴልሂ የተለያየ ትኬት ለሚቆርጥ ደግሞ ሻንጣው እስከ ቶኪዮ የሚያልፍ መሆኑን ካላረጋገጠ የሕንድ ቪዛም ሊያስፈልገው ነው።

አዲስ ገቢ፦
አመሰግናለሁ። ስሌቱን ራሴ በኤክሴል ሞከርኩት፣ ለዴልሂ–ሃኔዳ 102 ኪሎ ሜትር አወጣብኝ። ዲግሪዎቹን ወደ ራዲያን ቀይሬ ነው ያስገባሁት፣ 0.60603 ድረስ ከእናንተ ጋር ይገጥማል።

ኬንትሮስ፦
እስከዚያ ትክክል ነህ። ኤክሴል ማዕዘኑንም የሚመልስልህ በራዲያን ነው፦ 0.9197። አንተ በ111.195 አባዛኸው፣ ያ ለዲግሪ ነው። ለራዲያን የምታባዛው በምድር ራዲየስ፣ በ6,371 ነው።

አዲስ ገቢ፦
5,860። ገጠመ።